የእሳት ግድግዳ ቀዳዳ አደፋፈን

አንድ ቀላል ነገር ሞክሩ። ሁለት ሁኑና አንዳችሁ ሦስተኛ ፎቅ፣ አንዳችሁ አራተኛ ፎቅ ላይ የኤሌክትሪክ ሻፍቱን በር ክፈቱ። ታች ያለው ሰው የስልኩን ባትሪ ወደ ላይ ያብራ። ላይ ያለው ሰው ብርሃን ካየ፣ በመካከላቸው ያለው ሶሌታ ለእሳት እንደሌለ ይቆጠራል። ብርሃን ባለፈበት ጭስ ያልፋል። ጭስ ደግሞ ከነበልባሉ ቀድሞ ይደርሳል፤ በሕንፃ ቃጠሎ ሕይወታቸውን ከሚያጡት አብዛኞቹን የሚገድለው እሱ ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለሳይት መሐንዲሶች፣ ለፎርማኖች፣ ለኤሌክትሪክና ለቧንቧ ሠራተኞች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሕንፃ ተረክበው ለሚያስተዳድሩ ሰዎች ነው። ግድግዳው ሁለት ሰዓት እሳት ይችላል ተብሎ ተከፍሎበት ይሠራል። ከዚያ ቧንቧው ይበሳዋል፣ ኬብሉ ይበሳዋል፣ የአየር ማቀዝቀዣው ይበሳዋል። ቀዳዳው በትክክል ካልተደፈነ የሁለት ሰዓቱ ግድግዳ የጥቂት ደቂቃ ግድግዳ ይሆናል። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን ጠብቆ መሥራት ግን የግድ ነው።

ደረጃ 1፦ የትኛው ግድግዳ እንደሆነ ለዩ

ሁሉም ግድግዳ የእሳት ግድግዳ አይደለም። ሁለት ቢሮ የሚከፍለው ተራ ሊሆን ይችላል፤ የደረጃ ቤቱን የከበበው ግን ሰው እስኪወጣ ድረስ እሳቱን እንዲያቆም የታሰበ ነው። የአርክቴክቱን ፕላን አውጡና የደረጃ ቤቱን፣ የሊፍቱን ጉድጓድ፣ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ሻፍቶችን፣ የጄኔሬተርና የትራንስፎርመር ክፍሉን፣ የምድር ቤት መኪና ማቆሚያውን፣ ትልቅ ማዕድ ቤት ካለ እሱን፣ በአፓርታማ ደግሞ ቤትን ከቤት የሚለየውን ግድግዳ ፈልጉ። ፎቅን ከፎቅ የሚለየው ሶሌታም ከእነዚህ ጋር ይቆጠራል።

ፕላኑ ላይ ብዙውን ጊዜ 60 ወይም 120 የሚል የደቂቃ ቁጥር ታገኛላችሁ። በአውሮፓው አሠራር «ኢ አይ 120» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። «ኢ» ማለት ነበልባልና ትኩስ ጋዝ ወዲያ ማዶ አያልፍም ማለት ነው። «አይ» ደግሞ እሳት በሌለበት በኩል ያለው ገጽ ከመጠን በላይ አይግልም ማለት ነው፤ በፈተናው በየትኛውም ነጥብ የሙቀቱ ጭማሪ ከ180 ዲግሪ እንዳያልፍ ይጠየቃል። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። እሳት ካለበት ክፍል የመጣ የመዳብ ቱቦ ነበልባል ባያሳልፍም ሙቀቱን ይዞ ይሻገርና ማዶ የተደገፈ ካርቶን ሊያቀጣጥል ይችላል።

ፕላኑ ከጠፋ በግምት አትወስኑ፤ አርክቴክት ወይም የእሳት ደህንነት ባለሙያ ይመልከተው። እስከዚያው ግን በደረጃ ቤት፣ በሻፍትና በሶሌታ ላይ ያለን ቀዳዳ ሁሉ እንደ እሳት ቀዳዳ ቁጠሩት።

ለይታችሁ ስትጨርሱ ከኮርኒስ በላይ ባለው የግድግዳው ክፍል ላይ በቀይ ቀለም «የእሳት ግድግዳ፣ 120 ደቂቃ፣ ያለ ፈቃድ አይበሳ» ብላችሁ ጻፉ። ድሪል ይዞ መሰላል ላይ የወጣ ሠራተኛ ፕላን አያይም፤ የሚያየው ግድግዳውን ነው።

ደረጃ 2፦ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ መዝግቡ

የሚያስፈልጋችሁ መሰላል፣ ጠንካራ ባትሪ፣ ሜትር፣ ማርከር፣ ካሜራ ያለው ስልክና ደብተር ነው። ለእያንዳንዱ ቀዳዳ ቁጥር ስጡ፤ ቁጥሩን ግድግዳው ላይ ጻፉና ፎቶ አንሱ። ደብተሩ ላይ ፎቁን፣ ግድግዳው ከምን እንደተሠራና ውፍረቱን፣ የቀዳዳውን ስፋት፣ በውስጡ የሚያልፈውን ዕቃ ዓይነትና ዲያሜትር፣ በዕቃውና በግድግዳው መካከል የቀረውን ክፍተት አስፍሩ። ይህ ዝርዝር ከሌላችሁ በደረጃ 3 ትክክለኛውን አሠራር መምረጥ አትችሉም፤ ምርጫው ሁሉ የሚደረገው በእነዚህ ልኬቶች ነው።

ግድግዳውን ከሁለቱም በኩል እዩት። በአንድ በኩል ልስን ጨርሶት ያማረ ቀዳዳ በሌላ በኩል አፉን ከፍቶ ታገኙታላችሁ። ከኮርኒስ በላይ፣ ከኤሌክትሪክ ቦርድ ጀርባ፣ ከእጅ መታጠቢያ ሥር፣ ከመጸዳጃው ቱቦ ዙሪያ፣ ከሻፍት በር ውስጥ አትለፉ።

አንድ ጊዜ ያገለገለ ሕንፃ እንድፈትሽ ተጠርቼ በኮሪደሩ ላይ የኮርኒሱን ጂፕሰም አነሳሁ። የደረጃ ቤቱ ግድግዳ ኮርኒሱ ላይ ሲደርስ አልቋል። ከእሱ በላይ እስከ ሶሌታው ድረስ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት ባዶ ቦታ ነበር። ከታች ሲታይ ግን ቀለም የተቀባ፣ የእሳት በር የተገጠመለት ሙሉ ግድግዳ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ካገኛችሁ ጉዳዩ ከመድፈን ያለፈ ነው፤ ግድግዳው እስከ ሶሌታው መገንባት አለበት።

ደረጃ 3፦ የተፈተነ አሠራር ምረጡ

ስህተት በብዛት የሚሠራው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ሱቅ ገብቶ «የእሳት ሲሊኮን ስጠኝ» ማለት ምርጫ አይደለም። ብቻውን «የሁለት ሰዓት» የሚባል ሲላንት (የክፍተት መድፈኛ) የለም። ሁለት ሰዓት የሚችለው የተፈተነው ጥምረት ነው፤ ይህ ዓይነት ግድግዳ፣ ይህን ያህል ውፍረት፣ ይህ ዓይነት ቱቦ፣ ይህን ያህል ክፍተት፣ ከኋላው ይህን ያህል ሮክዉል (የድንጋይ ሱፍ)፣ ከፊቱ ይህን ያህል ሲላንት ሆኖ በእቶን ውስጥ ተፈትኖ ያለፈ። ከጥምረቱ አንዱን ስትቀይሩ የፈተናው ውጤት ለእናንተ ሥራ አይሠራም።

ስለዚህ ከአቅራቢው የፈተና ወረቀቱን ጠይቁ። በአውሮፓው መንገድ የተፈተነ ከሆነ «ኢኤን 1366-3» የሚል፣ በአሜሪካው ከሆነ «ዩኤል 1479» ወይም «ኤኤስቲኤም ኢ814» የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። በአውሮፓው ፈተና እቶኑ በ30 ደቂቃ ውስጥ ወደ 840 ዲግሪ፣ በአንድ ሰዓት ወደ 945፣ በሁለት ሰዓት ወደ 1050 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ እንደሚቀልጥ ስታስቡ የአሉሚኒየም ቴፕ ለጥፎ መሄድ ለምን እንደማይረባ ይገባችኋል።

ወረቀቱን ስታነቡ በደብተራችሁ ላይ ካለው ጋር መስመር በመስመር አስተያዩ። ግድግዳው ኮንክሪት ነው ወይስ ብሎኬት ወይስ ጂፕሰም? ውፍረቱ ይመጣጠናል? የሚያልፈው ዕቃ በወረቀቱ ላይ አለ? ክፍተቱ ከተፈቀደው አነስተኛና ከፍተኛ መጠን መካከል ነው? ደቂቃው ይበቃል?

የሚያልፈው ዕቃ ዓይነት ከሁሉም ይበልጥ ወሳኝ ነው። የብረት ቱቦ በእሳት ውስጥ ቅርጹን ይዞ ስለሚቆይ ዙሪያውን መድፈን በቂ ሊሆን ይችላል። የፒቪሲ ፍሳሽ ቱቦና የፒፒአር ውኃ ቱቦ ግን ይለሰልሳሉ፣ ይቀልጣሉ፣ ይነዳሉ። ዙሪያውን አሳምራችሁ ብትደፍኑም ቱቦው ራሱ ሲጠፋ በቦታው ክብ ቀዳዳ ይቀራል። ለዚህ የሚያገለግለው የእሳት ኮላር ነው፤ በብረት ቀለበት ውስጥ ሲሞቅ የሚያብጥ ነገር አለበት፤ ቱቦው ሲለሰልስ ጨፍልቆት ቀዳዳውን ይዘጋል። የአየር ማቀዝቀዣው የመዳብ ቱቦ መዳቡ ቢቆይም የለበሰው ጥቁር ስፖንጅ ይቃጠላል፤ እሱም ሲሞቅ የሚያብጥ መጠቅለያ ይፈልጋል። ኬብል ደግሞ በፕላስቲክ የተሸፈነ ብረት ነው፤ ፕላስቲኩ ሲቃጠል የሚተወው ክፍተት መሞላት አለበት።

ለአየር ማስተላለፊያ ዳክት ዙሪያውን መድፈን አይበቃም፤ በግድግዳው ውፍረት ልክ ውስጡ የሚገጠም፣ ብዙውን ጊዜ በ72 ዲግሪ ገደማ ራሱን የሚዘጋ የእሳት ዳምፐር ያስፈልገዋል። የጄኔሬተር ጭስ ማውጫ ቱቦም ዘወትር የሚግል ስለሆነ ለእሱ ተብሎ የተፈተነ አሠራር ይጠየቅለት፤ በተራ ሲላንት አትንኩት።

ለቀዳዳችሁ የሚሆን ወረቀት ከጠፋ የአምራቹን የቴክኒክ ክፍል በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምንሠራው» የሚል ፎርማን የፈተና ወረቀት አይተካም።

ደረጃ 4፦ ዕቃውን ስትገዙ

ሮክዉልና ግላስዉል በመልክ ይመሳሰላሉ፤ በእሳት ፊት ግን በጣም ይለያያሉ። ሮክዉል ከ1000 ዲግሪ በላይ ይችላል፤ ግላስዉል ከዚያ እጅግ ባነሰ ሙቀት ለስልሶ ይሰምጣል። ወረቀቱ ሮክዉል ካለ ሮክዉል ብቻ ግዙ፤ የተጻፈውንም እፍጋት በኪሎ ግራም በሜትር ኩብ አረጋግጡ። የሲላንቱን የማብቂያ ቀን እዩ። ፀሐይ ላይ የከረመ ካርቶን አትቀበሉ። ለአንድ ቀዳዳ ከአንድ አምራች አሠራር ሳትወጡ ግዙ፤ የአንዱን ኮላር ከሌላው ሲላንት ጋር ያጣመረ ፈተና አታገኙም።

አሁን ስለ ፎም ልናገር፤ ይህ ጉዳይ በጣም ያሳስበኛል። ከጣሳ እየተነፋ የሚወጣው ቢጫ የፖሊዩሬቴን ፎም ርካሽ ነው፣ ይነፋፋል፣ ቀዳዳውን ሁሉ ሞልቶ ያማረ ይመስላል። ከላይ የጠቀስኩት ሕንፃ ውስጥ ከኮርኒስ በላይ የሰው ጭንቅላት የሚያህል ቀዳዳ አገኘሁ፤ በውስጡ የኔትወርክ ኬብል ያልፋል፤ ዙሪያው በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ተጠቅጥቆ በላዩ ላይ ይህ ፎም ተነፍቶበታል። ጥፍር የምታህል ቁራሽ ቆርጬ ግቢ ወጣሁና በክብሪት ነካኋት። ወዲያው ተቀጣጠለች፤ ጥቁር ጭስ እየተፋች አለቀች። የሕንፃው ጥገና ኃላፊ አጠገቤ ቆሞ እያየ ነበር። ሌላ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

በ1975 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አላባማ ብራውንስ ፌሪ በተባለው የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ የደረሰው ቃጠሎም ከዚሁ የመጣ ነው። ሠራተኞች የኬብል ቀዳዳ የደፈኑበት ፎም አየር ያሳልፍ እንደሆነ በሻማ ነበልባል ሲፈትሹ ፎሙ ተያዘ። ቃጠሎው ሰዓታት ቆየ፤ ከ1,600 በላይ ኬብሎች ተበላሹ። እንግዲህ ፎሙንም፣ በእሳት መፈተሹንም ተዉ።

በገበያ ላይ ሮዝ ወይም ግራጫ ቀለም ያለው «የእሳት ፎም» አለ። አንዳንዱ በእርግጥ የተፈተነ ነው፤ የተፈተነው ግን ብዙውን ጊዜ ለጠባብ የመጋጠሚያ ክፍተት ነው። ኬብልና ቱቦ ለሚያልፍበት ቀዳዳ የተፈተነ መሆኑን ወረቀቱ ላይ ካላያችሁ አትጠቀሙበት። ቀለሙ ማስረጃ አይሆንም።

ደረጃ 5፦ ቀዳዳውን አዘጋጁ

መጀመሪያ የሰው ደህንነት። በኤሌክትሪክ ሻፍት ውስጥ ከሆናችሁ መስመሩን አጥፉና ቆልፉ፤ ቁልፉ በሠራተኛው ኪስ ይሁን። በሶሌታ ላይ ያለ ትልቅ ቀዳዳ ሥራው እስኪያልቅ በጠንካራ ጣውላ ተሸፍኖ ይቸንከር። ሮክዉል ስትቆርጡ ጓንት፣ መነጽርና የአፍ መሸፈኛ አድርጉ።

ከዚያ ጽዳት። ወረቀት፣ ጨርቅ፣ የድሮ ፎም፣ የሚፈረፈር ልስን ሁሉ ይውጣ። አቧራውን በብሩሽ ጠርጉት፤ ቱቦው ላይ ዘይት ወይም ቀለም ካለ ጥረጉት። ሲላንት የሚይዘው አቧራውን ከሆነ አቧራው ሲረግፍ እሱም አብሮ ይረግፋል።

ቀዳዳው ጠቦ ማስፋት ካስፈለጋችሁ ስትራክቸራል መሐንዲሱን ሳትጠይቁ ኮሎን፣ ቢም ወይም ሶሌታ አትንኩ። ፌሮ የቆረጠ ሰው የእሳቱን ችግር ሊፈታ ብሎ ሌላ ችግር ፈጥሯል።

የእኛ አገር ግድግዳ በአብዛኛው ብሎኬት ነው፤ ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ክፍት ነው። በመሮና በመዶሻ የተበሳ ብሎኬት ፊቱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ቢመስልም ከውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ ባዶ አለው። እዚያ ላይ ሮክዉል ብትከቱ ወደ ባዶው ይገባል፤ ሲላንቱም የሚደገፍበት አያገኝም። ስለዚህ በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ባዶ በሲሚንቶና በአሸዋ ሙሉ፤ ጠርዙን እኩል አድርጋችሁ ለስኑ፤ እስኪደርቅ ጠብቁ። የቀዳዳው ቅርጽ የፈተና ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር የሚመሳሰለው ከዚህ በኋላ ነው። ይህን የሚዘል ሠራተኛ ብዙ ስለሆነ በዓይናችሁ ሳታዩ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

ደረጃ 6፦ ድፈኑ

ሀ. ጥቂት ኬብል የሚያልፍበት ትንሽ ቀዳዳ። ኬብሎቹ በአንድ ታስረው ከሆነ ማሰሪያውን በጥሱና ዘርዝሯቸው። በታሰረ ኬብል መካከል ያለው ክፍተት ለጭስ ጥሩ መንገድ ነው፤ ከውጭ ዙሪያውን ብቻ የቀባ ሰው ይህን መንገድ ትቶታል። በኬብሎቹ መካከል ሲላንት አስገቡ። ቀጥሎ ሮክዉሉን ከክፍተቱ ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡና ጨምቃችሁ ክተቱ፤ በጣት ሲገፉት የሚንቀሳቀስ ከሆነ ላልቷል። ከግድግዳው ፊት ወደ ውስጥ ለሲላንቱ የሚሆን ጥልቀት አስቀሩ። በብዙ አሠራሮች ይህ ጥልቀት ከ12 እስከ 25 ሚ.ሜ ነው፤ ትክክለኛውን ከወረቀታችሁ ውሰዱ። ትንሽ የእንጨት ቁራጭ ላይ ጥልቀቱን ምልክት አድርጉና እየከተታችሁ ለኩ፤ በዓይን ግምት ሁልጊዜ ያንሳል። ሲላንቱን ከታች ወደ ላይ አየር ሳይቀር ሙሉ፤ በውኃ በረጠበ ስፓቱላ ተጭናችሁ አስተካክሉ፤ ከግድግዳውም ከኬብሉም ጋር ይጣበቅ። በግድግዳ ላይ ብዙውን ጊዜ ከሁለቱም በኩል ይደረጋል።

ኬብሉ በኮንዲዩት ውስጥ ካለፈ የኮንዲዩቱን አፍ ከውስጥ ድፈኑ። ለወደፊት ተብለው የተቀበሩ ባዶ ኮንዲዩቶችም ይደፈኑ፤ ባዶ ቱቦ ከሁሉ የባሰ ጭስ ያሳልፋል።

ለ. የፕላስቲክ ቱቦ። ኮላሩ ከቱቦው የውጭ ዲያሜትር ጋር ልክ ይሁን፤ ለ110 ሚ.ሜ ቱቦ የ160ውን አትግጠሙ። በሶሌታ ላይ ኮላሩ ከሥር፣ እሳቱ በሚመጣበት በኩል ይገጠማል፤ እሳት ከየትኛውም ወገን ሊመጣ በሚችልበት ግድግዳ ላይ ግን ከሁለቱም በኩል አንድ አንድ ያስፈልጋል። በአንድ በኩል ብቻ ገጥሞ መሄድ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ማሰሪያው የብረት አንከር ይሁን። በፕላስቲክ ፊሸር የታሰረ ኮላር፣ ፊሸሩ ሲቀልጥ ገና ሥራውን ሳይጀምር ይወድቃል። ኮላሩ የሚታሰርበት ሁሉም ጆሮ ይታሰር፤ አራት ከሆነ አራቱም። በቱቦውና በሶሌታው መካከል የቀረውን ጠባብ ክፍተት ደግሞ ጭስ እንዳያልፍ በሲላንት ዝጉ። ኮላሩን በልስን አትሸፍኑት።

ሐ. የኬብል ትሬይ የሚያልፍበት ትልቅ ቀዳዳ። እዚህ ሲላንት ብቻውን አይበቃም። አንዱ መንገድ የእሳት መከላከያ ቅብ የተቀባ የሮክዉል ሰሌዳ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 50 ሚ.ሜ ውፍረት አለው፤ ለ120 ደቂቃ ሁለት ድርብ ሊጠየቅ ይችላል። ሰሌዳውን ከቀዳዳው በጥቂት ሚሊ ሜትር አስበልጣችሁ ቁረጡ፤ የተቆረጠውን ጠርዝ በሲላንት ቀቡና ጨምቃችሁ አስገቡ፤ መጋጠሚያውን ሁሉና የኬብሉን ዙሪያ ዝጉ። ሌላው የእሳት ትራስ ነው፤ እንደ ጡብ እየተደረደረ፣ መጋጠሚያው እየተፈራረቀ ተጠቅጥቆ ይሞላል። ኬብል ቶሎ ቶሎ በሚጨመርበት ሻፍት ትራሱን እመርጣለሁ፤ አውጥቶ መልሶ መክተት ይቻላል። ሌባና ግድየለሽ ሠራተኛ ባለበት ግን ትራሱ ይነሳል፤ ስለዚህ ሻፍቱ የሚቆለፍ መሆን አለበት። ኬብሉ በማይቀየርበት የሶሌታ ቀዳዳ ላይ የእሳት ሞርታር ይሻላል። ሰው ሊረግጠው በሚችል ቦታ ሰሌዳም ትራስም ሰው አይሸከሙም፤ ከላይ የብረት መረማመጃ ወይም አጥር አድርጉ።

ትሬዩ ከቀዳዳው በሁለቱም ወገን በራሱ ማንጠልጠያ ይደገፍ። ድጋፉ በእሳት ከወደቀ ትሬዩ ሲጎነበስ የደፈናችሁትን ነቅሎ ይዞት ይሄዳል።

ደረጃ 7፦ የግድግዳው ራስና የመስታወቱ ጠርዝ

ቀዳዳ ሁሉ ክብ አይደለም። በብሎኬት ግድግዳ ራስና በሶሌታው መካከል የሚቀረው ቀጭን መስመር በኮሪደሩ ሙሉ ርዝመት የተዘረጋ ቀዳዳ ነው። ሶሌታ ክብደት ሲያርፍበት ትንሽ ስለሚጎነበስ፣ እዚያ በሲሚንቶ ብቻ የተሞላ ክፍተት ይሰነጠቃል። ጨምቆ የገባ ሮክዉልና በላዩ የሚለጠጥ የእሳት ሲላንት ይሁን።

ከዚህ የባሰው አዲስ አበባ ላይ በበዙት ባለመስታወት ሕንፃዎች ውስጥ ያለው ነው። መስታወቱና አሉሚኒየሙ ከሶሌታው ጠርዝ ፈንጠር ብለው ስለሚቆሙ በየፎቁ ዳር እጅ የሚያስገባ ክፍተት ይቀራል። በጂፕሰም ወይም በአሉሚኒየም ቆርቆሮ ይሸፈንና ማንም አያየውም። እሳት ሲነሳ ግን ከታች እስከ ላይ የሚሄድ ጭስ ማውጫ ይሆናል። የሚደፈነው በብረት መያዣ በተደገፈ፣ በደንብ በታመቀ ሮክዉልና በላዩ በሚቀባ ጭስ ከልካይ ቅብ ነው፤ የትኛው መያዣ፣ ምን ያህል እንደሚታመቅ ለዚሁ የተፈተነው ወረቀት ይነግራችኋል። ሕንፃችሁ መስታወት ከሆነ በየፎቁ ቢያንስ አንድ ቦታ ሽፋኑን አስከፍታችሁ እዩት።

ደረጃ 8፦ ምልክት ለጥፉና ፈትሹ

እያንዳንዱ የተደፈነ ቀዳዳ አጠገብ ቁጥሩ፣ የተጠቀማችሁበት አሠራር ቁጥር፣ ቀኑና የሠራው ሰው ስም ያለበት ምልክት ይለጠፍ። የመድፈኑን ሂደት በሦስት ፎቶ ያዙ፤ ሲጸዳ፣ ሮክዉሉ ሲገባ፣ ሲላንቱ ሲያልቅ። መካከለኛው ፎቶ ዋጋው ትልቅ ነው፤ ሲላንቱ ከተቀባ በኋላ ከኋላው ሮክዉል ይሁን የሲሚንቶ ከረጢት ማንም አያውቅም።

ስለዚህ የሚፈትሸው ሰው ጥቂቱን ቆርጦ ማየት አለበት። በአሜሪካ «ኤኤስቲኤም ኢ2174» የተባለው የፍተሻ መለኪያ ከየዓይነቱ ሥራ 10 በመቶው ሲሠራ በዓይን እንዲታይ፣ ወይም ካለቀ በኋላ ቢያንስ 2 በመቶው ተቆርጦ እንዲታይ ይጠይቃል። ተቋራጩ በውሉ ላይ ይህን ካየ ከመጀመሪያው ይጠነቀቃል። የሚፈትሸው ሰው ከሠራው ሰው የተለየ ይሁን። የተቆረጠው በዚያው ቀን በዚያው አሠራር ይደፈን።

ደረጃ 9፦ ከርክክብ በኋላ

በጥሩ ሁኔታ የተደፈነ ሕንፃ ሲበላሽ ያየሁት በዚህ ደረጃ ነው። አዲስ ተከራይ ይገባል፤ ኢንተርኔት የሚዘረጋ፣ ካሜራ የሚሰቅል፣ አየር ማቀዝቀዣ የሚገጥም ሰው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ድሪሉን ይሰካል። ክፋት የለበትም፤ የነገረው ሰው የለም።

የመበሻ ፈቃድ አዘጋጁ። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ማን፣ የትኛው ግድግዳ፣ ስንት ሚሊ ሜትር፣ ማን ይደፍነዋል፣ መቼ። የሻፍቱ ቁልፍ ያለዚህ ወረቀት አይሰጥ። የሥራው ክፍያ የተደፈነው ቀዳዳ ፎቶ ሳይመጣ አይለቀቅ። ይህን በኪራይ ውሉ ላይ አስገቡት። የጥበቃ ሠራተኞችም ድሪል ይዞ የመጣን ሰው ፈቃድ እንዲጠይቁ ንገሯቸው፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያዩት እነሱ ናቸው። በዓመት አንድ ጊዜ ደብተሩን ይዛችሁ ሁሉንም ቁጥር ዙሩ፤ አዲስ ቀዳዳ ካገኛችሁ ቁጥር ስጡት።

ዕቃው በእጃችሁ የለም፣ በጀቱ ገና ነው ብላችሁ ሁሉንም አታቆዩ። በደረጃ ቤቱ ጀምሩ፤ ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ሻፍቱ ሶሌታዎች፣ ከዚያ የጄኔሬተርና የትራንስፎርመር ክፍል። ነገ ጠዋት ሥራ ስትገቡ አንድ ሰው ይዛችሁ የሻፍቱን በር ክፈቱ፤ ባትሪውን አብሩ፤ ላይ ያለው ሰው ምን እንዳየ ጠይቁት።